የሆኪ ጫማ ሽታ እና ያልደረቀ ላብ

የበረዶ ሆኪ በሚዘወተርባቸው የካናዳና የሰሜናዊ አሜሪካ ከተሞች ተጫዋቾች የሚቀልዱበት፣ ወላጆች ግን የሚማረሩበት አንድ ነገር ከጨዋታው ጋር አብሮ ይኖራል፤ እርሱም የጫማው ሽታ ነው። የሆኪ ጫማ ማለት ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚዘልቅ፣ ገላው እንደ ቅርፊት የጠነከረ፣ ከሶሉ ሥር በፕላስቲክ መያዣ አማካይነት የብረት ምላጭ የተገጠመለት መንሸራተቻ ሲሆን፣ እግርን አጥብቆ እንዲይዝ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ አየር እንደ ልብ አይገባበትም። ሽታው ሲነሣ ብዙ ሰው የንጽሕና ጉድለት ያመጣው አድርጎ ስለሚያየው መድኃኒቱን ከሽቶ፣ ከዱቄትና ከጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይፈልጋል። ጉዳዩ ቀረብ ተብሎ ሲመረመር ግን ከቆሻሻው ይልቅ ውሃው፣ በተለይም ውሃው ጫማው ውስጥ የሚቆይበት የሰዓት ብዛት ዋናው ምክንያት ሆኖ ይገኛል፤ ገበያው የሚያቀርባቸው በርካታ መፍትሔዎች የሚከሽፉትም ይህን ስለሚዘነጉ ነው።

ልምምድ ወይም ውድድር ባበቃ ጊዜ በአንድ የኦንታሪዮ ሰፈር የበረዶ ሜዳ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ የሚታየው ነገር ከሳምንት ሳምንት እምብዛም አይለወጥም። የምላጮቹ ስለት እንዳይዶለዱም ወለሉ በጥቁር ጎማ ተነጥፏል፤ ልጆቹ በግድግዳው ዙሪያ በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ረጃጅሙን የጫማ ማሰሪያ ይፈታሉ፤ አንዳንዱም ጫማው ከእግሩ አልወጣ ብሎት ወላጁ እየጎተተ ያግዘዋል። በምላጩ ላይ የመጣው የበረዶ ቅንጣት እየቀለጠ ጎማው ላይ ያቁራል። የቀጣዩ ሰዓት ተረኛ ቡድን ከበሩ ውጭ ቆሞ ስለሚጠብቅ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ይከናወናል፤ የትከሻና የክርን መከላከያው፣ ጓንቱ፣ የራሰው ካልሲና ጫማው በአንድነት ትልቁ ቦርሳ ውስጥ ይታጨቃሉ፤ ዚፑ ይዘጋል፤ ቦርሳው በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ይጓዝና ብዙውን ጊዜ እስከ ቀጣዩ ልምምድ ድረስ ሳይከፈት ይቆያል። እግሩ ከጫማው ሲወጣ የሚሰማው ሽታ ያን ያህል የከፋ አይደለም፤ የሚከፋው ዚፑ ከተዘጋ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ በሚካሄደው ሥራ ነው።

በዚያ ቦርሳ ውስጥ የሚዘጋበት የውሃ መጠን ቀላል አይደለም። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወጣት የሆኪ ተጫዋቾችን በከባድ ልምምድ ወቅት ለክተው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ ተጫዋቾቹ በሰዓት በአማካይ ወደ 1.8 ሊትር ላብ እንደሚያወጡ አሳይተዋል። ሜዳው ቀዝቃዛ ቢሆንም ሰውነቱ በመከላከያ ልብስ ተሸፍኖ በአጭር በአጭሩ በሙሉ ኃይል ስለሚሮጥ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ዋነኛ መንገድ ላብ ይሆናል። ከዚህ ላብ ውስጥ የእግር ድርሻ ጥቂቱ ቢሆንም፣ የእግር መዳፍ ከሌላው የሰውነት ክፍል ይልቅ የላብ ዕጢዎች ተጨናንቀው የሚገኙበት ቆዳ ነው። እነዚህ ዕጢዎች ኤክሪን የሚባሉት፣ ማለትም በአብዛኛው ውሃና ጨው የሚያመነጩት ዓይነት ናቸው፤ በብብት የሚገኙትና ቅባትነት ያለው ፈሳሽ የሚያፈልቁት አፖክሪን የተባሉት ዕጢዎች በእግር መዳፍ ላይ የሉም። በመሆኑም ከእግር ገና የወጣ ላብ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል።

ሽታውን የሚፈጥሩት በቆዳ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ላቡ ከውሃና ከጨው በተጨማሪ በጥቂቱ አሚኖ አሲዶችን ይዟል፤ አሚኖ አሲድ ማለት ፕሮቲን የሚገነባበት ትንሹ ንጥል ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ሉሲንን፣ በጤናማ ሰው ቆዳ ሁሉ ላይ የሚገኘው ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ የተባለው ባክቴሪያ ይመገብና አይሶቫለሪክ አሲድ የተባለውን ተናኝ አሲድ ያስቀራል፤ የዚህ አሲድ ጠረን የበሰበሰ አይብ የሚመስል ሲሆን የሰው አፍንጫ እጅግ በጥቂት መጠን ሊለየው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ የማይክሮባዮሎጂ መጽሔት ላይ የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ሂደት ካረጋገጠ በኋላ፣ የእግር ሽታቸው በተለየ ሁኔታ የበረታ ሰዎች ባሲለስ ሰብቲሊስ የተባለ ሌላ ባክቴሪያም እንደሚገኝባቸው አሳይቷል። ጥናቱ አንድ ተጨማሪ ግኝት ነበረው፤ ሲትራል፣ ሲትሮኔላልና ጄራኒዮል የተባሉት የዕፀዋት መዓዛ ንጥሎች በጥቂት መጠን እንኳ አይሶቫለሪክ አሲድ እንዳይመረት ያግዳሉ። ሲትራል በኢትዮጵያ ጓሮዎች የሚበቅለው የጠጅ ሳር ዋነኛ የመዓዛ ምንጭ በመሆኑ፣ በሰሜን አሜሪካ የስፖርት ዕቃ መደብሮች በውድ ዋጋ ከሚሸጡት የጫማ መርጫዎች ውስጥ የጠጅ ሳር ሽታ ያላቸው ቢያንስ ከሽቶነት ያለፈ መነሻ አላቸው ማለት ነው።

ሁለተኛው የሽታ ምንጭ ሟች ቆዳ ነው። በጫማ ውስጥ እየረጠበ የሚላጠውን የእግር ቆዳ ብሬቪባክቴሪየም የተባሉት ባክቴሪያዎች ሲያፈርሱት፣ ድኝ ያለበትን ሜቲዮኒን የተባለ አሚኖ አሲድ ወደ ሜታንታዮል ይለውጡታል፤ ይህም የተበላሸ ጎመንን የሚያስታውስ ጋዝ ነው። ሊምበርገር የተባለውን ሽታው የታወቀ የአውሮፓ አይብ ለማብሰል የሚያገለግለው ባክቴሪያ የእነዚሁ የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ዝምድናው ያስገኘው ጥቅም ከሆኪ እጅግ በራቀ መስክ ታይቷል። ባርት ክኖልስ እና ሩርድ ዴ ዮንግ የተባሉት የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች በአፍሪካ ዋነኛ የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፊለስ ጋምቢየ የተባለችው ትንኝ በእግርና በቁርጭምጭሚት ላይ ማረፍን እንደምትመርጥ ካስተዋሉ በኋላ፣ ያው የሊምበርገር አይብም እንደሚስባት እ.ኤ.አ. በ1996 አሳዩ። ሥራቸው ከ10 ዓመት በኋላ፣ መጀመሪያ የሚያስቅ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን የኢግ ኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል፤ ሽልማቱ ቀልድ ቢመስልም ግኝቱ ትንኝን በሽታ አታልሎ ለመያዝ በተደረጉ ጥረቶች ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

እነዚህ ፍጥረታት ሁሉ ከእግሩ ጋር ወደ ጫማው መግባታቸው አይቀርም፤ በጫማው ውስጥ መክረም አለመክረማቸውን የሚወስነው ግን የጫማው አሠራር ነው። ባወር የተባለው ኩባንያ በኦንታሪዮ ኪችነር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1927 የሆኪ ጫማ መሥራት በጀመረበት ዘመንም ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 በብስክሌት ሥራ የተመሠረተው ሲሲኤም ወደ ሆኪ ዕቃ በተሸጋገረበት ጊዜ ጫማው ከቆዳ ይሰፋ ነበር። ቆዳ ከባድ ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ቅርጹም ይለቃል፤ ነገር ግን የጠጣውን ውሃ በዝግታ ወደ ውጭ ይተነፍሳል። የዛሬው ጫማ ገላ በካርቦን ጭረት ከተጠናከረ ፕላስቲክ መሰል ቁስ ይሠራል፤ ይህም ጫማውን ቀላል ከማድረጉም በላይ ፈጥኖ ከሚመጣ የሆኪ ዲስክ (ፓክ) ምት እግርን ይከላከላል፤ ውሃ ግን ከውስጥ ወደ ውጭ ፈጽሞ አያሳልፍም። ከዚህ ቅርፊት በውስጥ በኩል ስፖንጅ ተነጥፎ፣ በስፖንጁ ላይ ከሰው ሠራሽ ጭረት የተሠራ ገበር በማስቲሽ ተጣብቋል፤ ምላሱም ወፍራምና ውሃ የሚይዝ የተጠቀጠቀ ጨርቅ አለበት። ስለዚህ ላቡ ከገበሩ ወደ ስፖንጁ ይሰርግና መውጫው እግሩ የገባበት አፍ ብቻ ይሆናል።

የሰው ሠራሽ ጭረቱ ነገር ራሱን የቻለ ችግር ነው። የቤልጂግ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ በስፖርት ወቅት የተለበሱ የፖሊስተር ካናቴራዎች ከጥጥ ይልቅ የከፋ ሽታ እንደሚያመነጩ አሳይተዋል፤ ፖሊስተር ውሃን ባይወድም ቅባትንና ቅባት ወዳድ የሽታ ንጥሎችን አጥብቆ ይይዛል፤ አንዳንድ ሽታ ፈጣሪ ባክቴሪያዎችም ይስማማቸዋል። የጫማ ገበር ካናቴራ አይደለም፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አይገባም፤ ስለዚህ ካናቴራው በየሳምንቱ የሚያገኘውን ዕድል እርሱ አያገኝም። በዚህ ላይ አንዳንድ ተጫዋቾች ጫማውን ያለካልሲ የማጥለቅ ልማድ አላቸው፤ የቦስተን ብሩይንስ ታላቅ ተከላካይ የነበረው ቦቢ ኦር ካልሲ ሳያደርግ ይጫወት እንደነበር በሰፊው ይታወቃል። ባዶ እግር ጫማውን ይበልጥ በቅርበት እንዲሰማ ያደርጋል የሚለው ክርክር ለጨዋታው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለጫማው ግን ላቡንና የሚላጠውን ቆዳ በመካከል የሚቀበል፣ ተወስዶም የሚታጠብ ጨርቅ ጠፋ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲደመር የሚያመለክተው መፍትሔ አንድ ነው፤ ጫማው ከባክቴሪያዎቹ ፍጥነት በፈጠነ ሁኔታ መድረቅ አለበት። ባክቴሪያ ያለ ውሃ ምግቡን መፍጨትም ሆነ መራባት አይችልም፤ ላቡ በ3 ወይም በ4 ሰዓት ውስጥ ከተወገደ ሥራቸው በጅምር ይቀራል፤ ቦርሳው ውስጥ ለ3 ቀን ከቆየ ግን ሞቅ ያለና እርጥብ ቤት፣ ምግብም ጭምር ተሰጥቷቸዋል። ከዚያም አልፈው ባዮፊልም የተባለውን ይሠራሉ፤ ይህም ባክቴሪያዎች በአንድነት ተጣብቀው ራሳቸውን የሚሸፍኑበት ልጋግ መሰል ሽፋን ሲሆን፣ አንዴ በስፖንጁ ውስጥ ከተተከለ በኋላ መርጫውም አልኮሉም በቀላሉ አያልፈውም።

የማድረቁ አሠራር ውስብስብ አይደለም፤ ሆኖም በየደረጃው የሚሳሳቱበት ነገር አለ። መጀመሪያ ምላጩ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል፤ ቀዝቃዛ ብረት ሞቃት ቤት ውስጥ ሲገባ የአየሩ እርጥበት ተንኖ ከመጥፋት ይልቅ ላዩ ላይ ጤዛ ሆኖ ስለሚያርፍ አንዴ መወልወሉ ብቻ አይበቃም፣ ቤት ሲደርስም መደገም አለበት። ለመራመጃ የሚጠለቀው ጠንካራ የፕላስቲክ የምላጭ ሽፋን ለማስቀመጫ አይሆንም፤ ውሃውን አፍኖ ይይዝና ብረቱን ያዝገዋል፤ ለማስቀመጫ ውሃ የሚመጥ የጨርቅ ሽፋን አለ። ቀጥሎ ማሰሪያው እስከ ታች ይላላል፣ ምላሱ ወደ ፊት ይገለበጣል፣ የውስጥ ሶሉ ተነቅሎ ለብቻው ይሰጣል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ከሁሉ ይበልጥ የሚዘለል ነው፤ ይሁንና በውስጥ ሶሉና በጫማው ወለል መካከል የሚቀረው ቀጭን የውሃ ሽፋን ከላይ የሚነፍሰው አየር ስለማይደርሰው፣ ጫማው የደረቀ መስሎ ሽታው የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የሚንቀሳቀስ አየር ነው። ለጫማ ማድረቂያ ተብለው የተሠሩ፣ በሁለት ቱቦ ለብ ያለ አየር ወደ ጫማው ጣት ድረስ የሚነፍሱ መሣሪያዎች ሥራውን በሚገባ ይሠራሉ፤ እነርሱ ከሌሉ ተራ ማራገቢያ ፊት ማስቀመጥ፣ ወይም ጋዜጣ ጠቅልሎ መወተፍና ሲርስ መለወጥ ይበቃል። ሙቀት ግን ከመጠን ማለፍ የለበትም። ጫማው በእግር ቅርጽ እንዲገጥም በመደብር ምድጃ ሲሞቅ የሚደርስበት ሙቀት 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ስፖንጁና ማስቲሹ በዚያ ሙቀት የሚለሰልሱ ከሆነ፣ በጋለ የቤት ማሞቂያ ላይ መደርደር ወይም የፀጉር ማድረቂያን አስጠግቶ መንፋት ጫማውን ሽታ የሌለው ግን ቅርጹን የሳተ ሊያደርገው ይችላል። የካናዳ ክረምት በዚህ ረገድ ያልተጠበቀ ረዳት ነው፤ ውጭ ያለው ብርዳም አየር የሚይዘው እርጥበት ጥቂት በመሆኑ፣ ወደ ቤት ገብቶ ሲሞቅ እጅግ የደረቀ ይሆናል፤ ቆዳንና ከንፈርን የሚሰነጥቀው ያው አየር ከቦርሳው የወጣን ጫማ በአንድ ሌሊት ያደርቀዋል። በአንጻሩ በመኪና ውስጥ ወይም በማይሞቅ ጋራዥ የተተወ ጫማ ይበርዳል እንጂ አይደርቅም። በአዲስ አበባ ክረምት በጭቃ የራሰን ታኬታ ያደረቀ ሰው የነገሩን ሌላ ገጽታ ያውቃል፤ እዚያ ቤቱ አይሞቅም፣ አየሩም ራሱ ስለረጠበ ታኬታውን ደጅ ማስጣት ብቻውን ዋጋ የለውም፤ ጋዜጣው ያለማቋረጥ መለወጥ አለበት።

በቶሮንቶ፣ በካልጋሪ፣ በኤድመንተን ወይም በሚኒሶታ መንታ ከተሞች ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ይህ ምክር አንድ ማስተካከያ ይፈልጋል። የሆኪ ቤተሰቦች ልማድ ምድር ቤትና ጋራዥ ያለው ሰፊ ቤትን ታሳቢ ያደርጋል፤ በአፓርታማ የሚኖር ሰው ግን ቦርሳውን የሚያኖርበት ቦታ ኮሪደር ወይም ቁም ሣጥን ነው፤ ሽታውም ከእንግዳ መቀበያው አይርቅም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤት መታጠቢያ ክፍሉ የተሻለ ነው፤ የአየር ማስወጫው ተከፍቶ፣ ዕቃው በመታጠቢያው መጋረጃ ዘንግ ላይ ተሰቅሎ፣ ጫማው አፉን ከፍቶ ወለል ላይ ይቀመጣል። ዕጣን ማጤስ ለጊዜው የሚሰማውን ነገር ይለውጣል፤ በጫማው ውስጥ ባለው ላይ ግን ምንም አያደርግም፤ እንዲያውም የሁለቱ ሽታ ድብልቅ ከአንዱ ብቻ የሚብስበት ጊዜ አለ።

ለሽታው ከሚመከሩት የቤት ውስጥ መድኃኒቶች ውስጥ ጥቂቶቹ የሚሠሩበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቤኪንግ ሶዳ፣ በኬሚስትሪ ስሙ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ለስላሳ ቤዝ ነው፤ ቤዝ ማለት ከአሲድ ጋር ተገናኝቶ አሲድነቱን የሚያስወግድ ውህድ ነው። የእግር ሽታ ዋና ክፍል አሲድ በመሆኑ፣ አይሶቫለሪክ አሲዱ እርጥበት ባለበት ከሶዳው ጋር ሲነካካ ወደ ጨው ይለወጣል፤ ጨው ደግሞ ስለማይተን አፍንጫ አይደርስም። ሶዳው ባክቴሪያዎቹን አያጠፋም፤ ቀደም ሲል የተመረተውን አሲድ ብቻ ዝም ያሰኛል፤ ስለዚህ ከደረቀ በኋላ ማታ ነስንሶ ጠዋት ማራገፍ ይጠቅማል፤ በራሰ ጫማ ውስጥ ነስንሶ ቦርሳውን መዝጋት ግን ገበሩን በሚያሳክክ ሊጥ ከመቀባት የዘለለ ጥቅም የለውም።

አቼቶ ተቃራኒው ነው። አሴቲክ አሲድ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን ዕድገት ያዳክማል፤ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ገበሩን መወልወል የሚመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ብዙ ምክር ሰጪዎች አቼቶውንና ሶዳውን በአንድነት ቀላቅሎ መጠቀምን ያዝዛሉ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚታየው አረፋ ኃይለኛ ሥራ እየተሠራ እንደሆነ ቢያስመስልም፣ አረፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የሚቀረውም ውሃና ሶዲየም አሴቴት የተባለ ጨው ብቻ ነው። አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፋው ሁለቱም የሚፈለግባቸውን ሳይሠሩ ጫማው እንደገና ይርሳል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አቼቶን ከበረኪና ጋር ማደባለቅ ነው፤ ይህ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያመነጫል፤ በተዘጋ መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። በረኪና ለብቻውም ቢሆን ስፌቱንና ማስቲሹን ስለሚበላ፣ ብረቱንም ስለሚያዝግ ለጫማ አይመከርም።

አልኮል ከእነዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ምክንያቱም ባክቴሪያን ይገድላል፣ ከዚያም በራሱ ተኖ ይጠፋል። ጠንካራው የተሻለ ይመስላል እንጂ 70 በመቶ የሆነው አልኮል ከ99 በመቶው ይበልጥ ውጤታማ ነው፤ የባክቴሪያውን ፕሮቲን ለማፍረስ ውሃ ያስፈልጋል፤ ንጹሑ አልኮል ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። ጫማው በአልኮል መነከር የለበትም፤ ተነቅሎ በወጣው የውስጥ ሶል ላይና በገበሩ ላይ በስሱ ተረጭቶ በተከፈተ መስኮት አጠገብ፣ ከእሳት ርቆ መድረቁ በቂ ነው።

ጫማውን በፌስታል ጠቅልሎ ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር በሰፊው የሚነገር ምክር ነው፤ ለአንድ ቀን የሠራ መምሰሉም እውነት ነው። ቅዝቃዜ የሽታ ንጥሎቹ እንዳይተኑ ስለሚያደርግ ጫማው ከፍሪዘር ሲወጣ አይሸትም። ባክቴሪያዎቹ ግን አልሞቱም፤ የዓለም ቤተ ሙከራዎች ባክቴሪያን ለዓመታት በሕይወት የሚያቆዩት በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች አቀዝቅዘው መሆኑ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ጫማው ሲሞቅ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ከመሣሪያዎቹ መካከል የአልትራቫዮሌት ብርሃን የሚያመነጩት አሉ። በ254 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ይህ ብርሃን የባክቴሪያን ዘረመል በማበላሸት መራባቱን ያቆማል፤ ይህ በሆስፒታልም በውሃ ማጣሪያም የተረጋገጠ ነው። ድካሙ ግን ብርሃን ጥላ የሚጥል መሆኑ ነው፤ የሆኪ ጫማ ጣት አካባቢ ጠባብና ጨለማ ነው፤ ሽታው ያለው ደግሞ በገበሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ከገበሩ በታች ባለው ስፖንጅ ውስጥ ነው። ብዙ የሆኪ መደብሮች በክፍያ የሚያቀርቡት የኦዞን ሣጥን ይህን ድካም ያልፋል፤ ኦዞን ሦስት የኦክስጅን አተሞች የተጣመሩበት ጋዝ በመሆኑ ወደ ስፖንጁ ይገባል፤ ኃይለኛ ኦክሳይድ አድራጊ ስለሆነም የሽታ ንጥሎችንም ባክቴሪያዎችንም ያፈርሳል። በተዘጋና አየሩ በሚጣራ ሣጥን ውስጥ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ከሆነ ውጤቱ የሚያረካ ነው። በቤት ውስጥ ተሰክተው ኦዞን የሚነፍሱትን ትንንሽ መሣሪያዎች በተመለከተ ግን የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም አቋሙ ግልጽ ነው፤ የሰውን ጤና በማይጎዳ መጠን ያለ ኦዞን ሽታን ለማስወገድ የሚያስችል ኃይል የለውም፤ ኃይል በሚኖረው መጠን ደግሞ ሳንባን ያሳምማል። በአገሪቱ የሥራ ቦታዎች ለ8 ሰዓት የተፈቀደው ጣሪያ ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 0.1 ክፍል ብቻ ነው። ጎማንና ላስቲክንም ስለሚያደርቅ ተደጋግሞ ሲሠራበት ዕቃውን ያስረጀዋል።

መርጫዎቹን አንድ ላይ መንቀፍ ተገቢ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1998 በመላው አሜሪካ ለገበያ የቀረበው ፌብሪዝ የሚሠራበት ሳይክሎዴክስትሪን ከስታርች የሚገኝ፣ ቀለበት ቅርጽ ያለው ንጥል ሲሆን የሽታ ንጥሎች በቀለበቱ ውስጥ ገብተው ይታሰራሉ፤ ይህ ሽቶ ከመርጨት የተለየ ሥራ ነው። ይሁንና እርሱም እንደ ሶዳው የተመረተውን ይይዛል እንጂ ማምረቻውን አይዘጋም፤ ፈሳሽ በመሆኑም በራሰ ጫማ ላይ ሲረጭ ችግሩን በሚፈታበት መጠን ያባብሰዋል። ኢንዛይም ያለበት የልብስ ሳሙና በለብታ ውሃ ተበጥብጦ የውስጥ ሶሉና ገበሩ ቢታሹበት፣ ባክቴሪያ የሚመገበውን የቆዳ ፕሮቲን ስለሚፈጭ ከመርጫ ይበልጥ ሥር ይደርሳል፤ በወቅቱ መጨረሻ አንድ ጊዜ ቢደረግ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ጫማው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቀናት እንደሚወስድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጫማውን አድርቆ እግሩን መተው ሥራውን ግማሽ ላይ ማቆም ነው። እግር በሳሙና ታጥቦ በጣቶቹ መካከል ጭምር መድረቅ አለበት፤ ላቡ ከልክ ያለፈበት ሰው በሐኪም ምክር አሉሚኒየም ክሎራይድ ያለበትን ላብ መቀነሻ ማታ በእግሩ መቀባት ይችላል። ካልሲው ከጥጥ ይልቅ ቀጭን ሱፍ ቢሆን ይመረጣል፤ ሱፍ ከክብደቱ ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ይዞ እንኳ የራሰ አይመስልም። በጣቶች መካከል የሚላጥ፣ የሚያሳክክና የሚሰነጠቅ ቆዳ ከታየ ደግሞ ነገሩ ከሽታ አልፏል፤ ይህ በአብዛኛው ፈንገስ ስለሆነ የሚታከመው በፀረ ፈንገስ ቅባት ነው፤ ጫማው ሳይደርቅ እግሩን ብቻ ማከምም ሕመሙን በየወሩ መልሶ መጋበዝ ነው።

የእርጥብ ዕቃ ጉዳት እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል የሆኪ ታሪክ ራሱ ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የሰሜን አሜሪካ ተጫዋቾች ጋንክ ብለው የሰየሙት የቆዳ ሽፍታ በየቡድኑ ይታይ ነበር፤ የሚኒሶታ ኖርዝ ስታርስ ተከላካይ ቶም ሪድ እ.ኤ.አ. በ1978 ከጨዋታ የተሰናበተው በዚሁ ሕመም ምክንያት ነው። በዕቃው ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች፣ ሳሙናው፣ ላቡና ባክቴሪያው ሁሉም ሲጠረጠሩ ኖረዋል። ከአራት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ከቺካጎ ብላክሆክስ ጋር ሦስት ጊዜ የስታንሊ ዋንጫ ያነሣው ማሪያን ሆሳ እየባሰ በሄደ የቆዳ ሕመምና በመድኃኒቶቹ የጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት የሚቀጥለውን ወቅት እንደማይጫወት አስታወቀ፤ ወደ ሜዳም አልተመለሰም። የእነዚህ ሰዎች ሕመም ከተራ የጫማ ሽታ ጋር አንድ አይደለም፤ በቆዳ ላይ ለሰዓታት የሚጣበቅ እርጥብ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ግን በሁለቱም ዘንድ ይገኛል።

የልጆች እግር በየዓመቱ ስለሚያድግ ብዙ ቤተሰብ ያገለገለ ጫማ ይገዛል፤ ይህም ከወጪ አንጻር ብልህነት ነው። ገዢው በመጀመሪያ የውስጥ ሶሉን ነቅሎ ከሥሩ ያለውን ወለል ማየት፣ ገበሩን በጣት መጫን፣ በምላጩ መያዣ ዙሪያ ያሉትን ችንካሮች ዝገት መፈተሽ ይኖርበታል። ሽታ ብቻ ከሆነ አዲስ የውስጥ ሶል፣ የአልኮል መወልወያና የሦስት ቀን ማራገቢያ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል፤ የውስጥ ሶል ደግሞ ከጫማው ሁሉ ርካሹና በየወቅቱ ሊለወጥ የሚገባው ክፍል ነው። ገበሩ ከቅርፊቱ ተላቆ ሲጫኑት የሚንሻፈፍ፣ በስፖንጁም ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የወጣበት ከሆነ ግን ሻጋታው ማንም ሊደርስበት ከማይችለው ቦታ ገብቷልና ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አለመግዛቱ ይሻላል።